አራት ዘማሪ በአንድ ጊታር

የስፔናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቶማስ ሉዊስ ዴ ቪክቶሪያን «ኦ ማግኑም ሚስቴሪዩም» መጀመሪያ ለጊታር ስጽፍ አራቱንም የዘማሪ ድምፅ (ከላይ ወደ ታች ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ) አንድ ኖታ ሳላስቀር ገለበጥኩት። ወረቀቱ ላይ ያምር ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ጣቶቼ ተቆላለፉ። ስለዚህ ሁሉንም ለማዳን አትሞክሩ።

መዝሙሩ በ1572 የታተመ የላቲን የገና መዝሙር ነው፤ እንስሳት ጌታን በግርግም ተኝቶ ማየታቸውን እያደነቀ ይጀምራል።

ቁልፉን ቀይሩ። የሚያርፈው ጂ (G) ላይ ነው። እንዳለ ከያዛችሁት (ጊታር ከሚጻፍለት አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ እንደሚሰማ አትርሱ) ሶፕራኖው አንደኛው ክር ላይ 10ኛ ፍሬት ሲደርስ ባሱ ስድስተኛው ክር ላይ 3ኛ ፍሬት ይጠብቃችኋል፣ እጅ ደግሞ ያን ያህል አይዘረጋም። ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ኢ ላይ አምጡት። ባሱ ክፍት ክር ይሆናል፣ ግራ እጃችሁም ይተነፍሳል። ከዘማሪ ጋር መጫወት ካማራችሁ 3ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ማሰር ነው፣ ወደ ጂ ይመልሳችኋል።

ከዚያ አራቱን ድምፅ በአራት ቀለም እርሳስ ጻፉ። ማየት የተሳነው ስፔናዊ ሚጌል ዴ ፉኤንያና በ1554 ሴቪል ባሳተመው የቪሁኤላ (ጊታር መሰል የድሮ የስፔን መሣሪያ) መጽሐፍ የሚዘመረውን ድምፅ በቀይ ቁጥር አስለይቷል። እኔ ባሱን ነው ቀይ የማደርገው፣ የልማድ ነገር ነው።

አሁን መቁረጥ ነው። ሁለት ድምፅ አንድ ኖታ ላይ ከተገናኙ አንዱ ይውጣ፣ ማንም አያውቅባችሁም። አሁንም ከበዛ ከኮርዱ (አብረው ከሚሰሙት ኖታዎች) ከመሠረቱ ሲቆጠር አምስተኛው ኖታ ይውጣ፤ ባሱና ሦስተኛው ኖታ ይቆዩ። የማይነካው የእያንዳንዱ ድምፅ መግቢያ ነው። ሶፕራኖው ብቻውን ከቢ ወደ ኢ ወርዶ ይመለሳል፣ ሲን (C) ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ አልቶው እየተከተለው ይገባል፤ ያንን አልቶ ከቀበራችሁት አራት ሰው መሆኑ ቀርቶ አንድ ዜማና አጃቢ ይሆናል። መክፈቻውን ቢ አንደኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ፣ ኢን ደግሞ ክፍት ክር ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያዙት፣ ቢው እየጮኸ ይቆያል።

ሌላው ችግር ክር ዘማሪ አለመሆኑ ነው። ዘማሪው «ኦ» ብሎ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይይዛል፣ ክር ግን ከተመታ በኋላ ይደክማል። ረጅም ኖታ አዲስ የቃል ክፍል ሲጀምር ደግማችሁ ምቱት። በተለይ አንድ ድምፅ ባለበት ቆሞ ሌላው ከሥሩ ሲንቀሳቀስና ሲጋጩ፣ የቆመውን ልክ በግጭቱ ሰዓት ምቱት፤ አለበለዚያ የሚፈታው ነገር ከየት እንደመጣ አይሰማም። እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ፣ የሙዚቃው ጣዕም ያለው እዚህ ነው።

«ኦ ቤያታ ቪርጎ» የሚለው ጋ አራቱም አብረው ስለሚናገሩ ኮርድ ብቻ ነው፣ እረፍት ታደርጋላችሁ።

በክራር አይሆንም ወይ የሚል አይጠፋም። በአንድ ቅኝት አምስት ኖታ ይዞ፣ ፍሬት ሳይኖረው፣ ይህን ሁሉ ሻርፕና ፍላት ከየት ያመጣል?

«አሌሉያ» ላይ ምቱ ወደ ሦስት ይለወጣል፤ ፈጠን በሉ፣ ግን አትሩጡ። መጨረሻው ኢ ሜጀር ነው፦ ሦስተኛው ክር 1ኛ ፍሬት፣ አንደኛው፣ ሁለተኛውና ስድስተኛው ክፍት። ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ንኩትና እጃችሁን ሳታነሱ ድምፁ እስኪጠፋ ጠብቁ።