ስነካው ዝም የማይለው ቤዝ

በእጄ የሠራሁት ቤዝ ጊታር አለቀ ብዬ አምፕሊፋየር ላይ ስሰካው «ምምምም» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። አካሉ ዋንዛ ነው። ቨርኒሹ ብቻ ሦስት ቅዳሜ በልቶብኛል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፒክአፑን፣ የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል ነው። ፈታሁት፣ ሽቦዎቹን በካውያ ደግሜ አጣበቅኳቸው። ወይ ፍንክች! ኬብልም ቀየርኩ። በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ኬብሉ የሚሰካበትን የጃኩን ብረት ስነካ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ክሮቹን ስነካ ግን ያው ነው። ሰውነታችን ከቤቱ የ50 ኸርዝ መብራት ጩኸት ይለቅማል። ክሮቹ ከግራውንድ (ከመሬት መስመር) ጋር ከተያያዙ፣ እነሱን ስንነካ ያ ጩኸት ወደ ፒክአፑ ከመሄድ ይልቅ በዚያው ይወርዳል። የእኔ አልተያያዙም ማለት ነው።

ቤዙን ነቅዬ በብሪጁ (ክሮቹ በሚታሰሩበት ብረት) እና በጃኩ ውጫዊ ብረት መካከል በቴስተር ለካሁ። ምንም ግንኙነት የለም። ብሪጁን ሳነሳው ሳቄ መጣ። የግራውንዱን ሽቦ አስቀድሜ ወደ ብሪጁ አሳልፌው ስለነበር፣ እንጨቱን ስቀባ ጫፉንም አብሬ ቨርኒሽ አጠጥቼዋለሁ! ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ ቀጫጭን ሽቦዎቹን በትኜ ዘረጋኋቸው፣ ብሪጁን መልሼ አጥብቄ አሰርኩት። ቴስተሩ ወደ ዜሮ ኦም ወረደ።

ትንሽ ጩኸት ቀርቷል፤ ፒክአፑ ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል (ሲንግል ኮይል) ስለሆነ የሚጠበቅ ነው። ብቻ አሁን ክሮቹ ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋር ስለተገናኙ፣ ከመጫወቴ በፊት የሶኬቱ የመሬት መስመር መሥራቱን አስፈትሻለሁ። በባዶ እጅ ከኤሌክትሪክ ጋር ቀልድ የለም።