ሮቦቶች ተጋግዘው ግንብ እንዲሠሩ ዕቅዱ እንዴት ይወጣል?

ብዙ ትናንሽ ሮቦቶች አሏችሁ እንበል። እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ አንድ ጡብ ይሸከማል። በአንድ እርምጃ ከአንድ ጡብ ከፍታ በላይ አይወጣም፣ አይወርድም። ጡቡን የሚያስቀምጠው አጠገቡ ባለ ቦታ ላይ፣ በቆመበት ከፍታ ልክ ነው። ሲያነሳም እንደዚያው። አሁን ባለ ሦስት ጡብ ዓምድ ሥሩ በሏቸው። ገና ሁለተኛው ጡብ ላይ መቆሚያ ያጣሉ።

መጀመሪያ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ቦታውን በቁጥር ጻፉ። በየካሬው ያለው ቁጥር እዚያ የተደረደሩት ጡቦች ብዛት ነው። ባዶ መሬት 0፣ ዓምዱ 3። ኮምፒውተሩም የሚያየው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ያለው ዋናው ስለሆነ አትቸኩሉ። ካለቀው ግንብ ጀምሩ። «ላፍርሰው ብል፣ የላይኛውን ጡብ ለማንሳት የት እቆማለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከፍታው 2 የሆነ ካሬ ላይ። እዚያ ለመውጣት ደግሞ ከፍታው 1 የሆነ ካሬ ያስፈልጋል። መወጣጫው ራሱ ብቅ አለ፦ 1፣ 2፣ 3። ማስቀመጥና ማንሳት በአንድ ሕግ ስለሚገዙ፣ የማፍረሱን ቅደም ተከተል ገልብጣችሁ ስታነቡት የግንባታ ዕቅድ ይሆናል። ከታች ወደ ላይ ማሰብ ይቀናናል፤ እዚህ ግን ትርፉ ራስ ምታት ነው።

ለሦስት ጡብ ዓምድ ሦስት ተጨማሪ ጡብ ወጣ፤ በኋላም ይነሳል። ዓምዱ ባለ 10 ጡብ ቢሆን ቀጥ ያለው መወጣጫ ብቻውን 45 ይበላል። ስለዚህ ቆጥቡ። ጎረቤት ዓምዶች አንድ መወጣጫ ይጋሩ። የግንቡ አካል ራሱ መወጣጫ መሆን ከቻለ እሰየው። ከሁሉ አጭሩን ዕቅድ በሒሳብ አረጋግጦ ማግኘት ይቻላል፤ ግንቡ ተለቅ ሲል ግን ኮምፒውተሩ ይዳክራል። ያኔ ደህና ዕቅድ ይበቃል።

ከዚያ ሥራውን አከፋፍሉና የእያንዳንዱን መንገድ ከነሰዓቱ መዝግቡ፦ «በ12ኛው ቅጽበት ይህ ካሬ የሮቦት 3 ነው።» ሁለት ሮቦት አንድ ካሬ ላይ አይገኝ። ፊት ለፊት ተገናኝተውም ቦታ አይለዋወጡ፤ ጠባብ መወጣጫ ላይ አንዱ ሌላውን ዘሎ አያልፍም። ከዚህ የባሰው ጣጣ መንገዱ ራሱ መለዋወጡ ነው። ቅድም ያለፉበት ካሬ አሁን ግድግዳ ሆኗል። መወጣጫው ሲነሳ ዓምዱ ጫፍ ላይ ሮቦት ካለ፣ እዚያው ቀረ።

ማን ይዘዝ? አንድ ኮምፒውተር ሁሉንም ቢያዝ ዕቅዱ ቁጥብ ይሆናል፤ አንዱ ሮቦት ባትሪ ሲጨርስ ግን የተያዘው ሰዓት ሁሉ ይዛባል። ሌላው መንገድ የምስጦች ነው። አለቃ የለም፤ እያንዳንዱ የተሠራውን አይቶ ቀጣዩን ይሠራል። ያኔ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የነበሩት ጀስቲን ወርፈል፣ ኪርስቲን ፒተርሰንና ራዲካ ናግፓል በ2014 (እ.ኤ.አ.) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳዩት፣ ተርመስ የተባለው የግንበኛ ሮቦቶች ሥርዓት እንዲህ ያለ ነው። (ስሙ ለእኛ ጆሮ ትርምስ ትርምስ ቢልም ሥራው ሥርዓት ያለው ነው።) ኮምፒውተር አስቀድሞ ንድፉን ወደ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ይለውጠዋል። ሮቦቱ በዚያው መንገድ እየሄደ ጎረቤት ካሬዎችን ብቻ አይቶ ይወስናል። ሁለት ጡቦች መሃል አንድ ባዶ ካሬ ከቀረ ጡብ ሊከትበት አይችልም፤ ሕጎቹም ይህ እንዳይፈጠር ይጠብቃሉ። ሮቦት ቢቀነስ ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

ሁለቱንም በወረቀታችሁ ላይ ሞክሩ። መሃል ላይ አንዱን ሮቦት በላጲስ አጥፉና የትኛው ዕቅድ የት ጋ እንደሚቆም እዩ።