ጎረቤታሞች ተሰባስበው የፀሐይ ኃይል ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎረቤታሞች ፍላጎታቸውን አስተባብረው ለየቤታቸው የሚተከል የፀሐይ ኃይል መሣሪያ በአንድ ላይ መግዛታቸው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ደቡብ ምሥራቅ ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች «ሶላራይዝ» በሚል ስም ይህንኑ ጀምረው፣ ተካዩን ድርጅት በጋራ መርጠው ከ100 በላይ ቤቶች ላይ ካስተከሉ በኋላ አሠራሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። ብዙዎችን ወደ ቡድን ግዢ የሚስባቸው የዋጋው ቅናሽ ነው። በእኔ ግምት ግን ከቅናሹ የሚበልጠው ጥቅም፣ አንድ ቤተሰብ ለብቻው ቢጠይቅ ሻጩ በዝምታ የሚያልፈውን የጥራት፣ የዋስትናና የርክክብ ግዴታ፣ ሃያ ቤተሰብ ሆኖ ሲጠየቅ ውል ውስጥ ማስገባት መቻሉ ነው። ከዚህ በታች የተነሡት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን አቅም ሳይጠቀሙበት ከመቅረት የሚመጡ ናቸው።

በቅድሚያ የሚጠቀሰው ስህተት አብሮ መግዛትን አንድ ዓይነት መግዛት አድርጎ መውሰድ ነው። ለሁሉም ቤት እኩል የሆነ ጥቅል ማቅረብ ለሻጩ ይቀለዋል፤ የኮሚቴውንም ሒሳብ ያቃልላል፤ የቤቶች ፍጆታ ግን እኩል አይደለም። እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ 5 አምፖሎችን ማታ ለ5 ሰዓት የሚያበራና 80 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት የሚከፍት ቤተሰብ በቀን የሚያስፈልገው 570 ዋት ሰዓት ነው። የግድግዳ ተጋሪው በዚያው ላይ 2000 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለ1 ሰዓት ብቻ ቢጠቀም ፍጆታው 2570 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ከ4 እጥፍ በላይ ይሆናል። ሁለቱ ተመሳሳይ ጥቅል ቢወስዱ፣ አንደኛው ለማይጠቀምበት ኃይል ይከፍላል፤ ሌላኛው ባትሪውን በየምሽቱ እያሟጠጠ ያለ ዕድሜው ይገድለዋል። ስለዚህ ድርድር ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ቤት የዕቃዎቹን ዋትና የሚሠሩበትን ሰዓት በአንድ ወጥ ቅጽ ላይ ሞልቶ ማስረከብ አለበት። ማቀዝቀዣ ወይም የውሃ ፓምፕ ያላቸው ቤቶች ለብቻ ምልክት ይደረግባቸው፤ ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ስለሚስብ፣ ኢንቨርተሩ፣ ማለትም ከፀሐይ የተገኘውን ኃይል የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ያንን መሸከም የሚችል መሆን ይኖርበታል። ሁለት ወይም ሦስት መጠኖችን አውጥቶ ቤቶችን በየፍጆታቸው መደልደል የጅምላውን ቅናሽ አያሳጣም።

ሁለተኛው፣ ምናልባትም እጅግ የተለመደው ስህተት፣ የሚፈልጉትን ሳይጽፉ ዋጋ መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ አቅራቢ የራሱን ዕቃ በራሱ አገላለጽ ስለሚያቀርብ፣ ኮሚቴው በመጨረሻ የሚያወዳድረው በፕሮፎርማው ግርጌ የሰፈረውን ድምር ብቻ ይሆናል። ባትሪን ብቻ እንመልከት። ሁለት አቅራቢዎች ሁለቱም «12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት» ብለው ቢጽፉ፣ በወረቀት ላይ ሁለቱም ባትሪዎች 2400 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ይሁን እንጂ የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመከር በየዕለቱ የሚገኝበት 1200 ያህል ነው፤ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን ቢያንስ 80 በመቶውን ስለሚሰጥ ከ1900 በላይ ይገኝበታል፤ ሞልቶ የሚወርድበት ዙርም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዋጋው በሚሰጠው ኃይልና በሚያገለግልበት ዘመን ሲካፈል ርካሽ የተባለው ባትሪ ውዱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የጨረታው ሰነድ የፓኔሉን ዋት፣ የባትሪውን ዓይነትና በእርግጥ ሊጠቀሙበት የሚቻለውን አቅም፣ እንዲሁም ፓኔሉ አይ.ኢ.ሲ 61215 እና አይ.ኢ.ሲ 61730 የተባሉትን ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ያሟላ መሆኑን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት በግልጽ ይጠይቅ። የማቆሚያ ብረት፣ የሽቦ፣ የመጓጓዣና የጉልበት ዋጋ ተለይቶ ይቅረብ፤ ለከፍተኛ ጣሪያ ወይም ለረጅም መስመር የሚጨመረው ክፍያም አስቀድሞ ይታወቅ፤ አለበለዚያ በጋራ የተገኘው ቅናሽ በየቤቱ በሚጨመር ሒሳብ ይመለሳል።

ጣሪያን ሳያዩ መፈረም ሌላው ስህተት ነው። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ፓኔል ወደ ሰሜን፣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ደቡብ እንዲያይ ይደረጋል፤ የአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሆኑ ቤቶች ጣሪያቸው በተለያየ አቅጣጫ ቢያዘነብል ምርታቸውም ይለያያል። ከዚህ የሚከፋው ጥላ ነው። ፓኔሎች በተከታታይ ሲያያዙ ያው ኤሌክትሪክ በሁሉም ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ከሰዓት በኋላ የዛፍ ወይም የውሃ ታንከር ጥላ ያረፈበት አንድ ፓኔል የመላውን መስመር ምርት ሊጎትት ይችላል። ፓኔሉ 25 ዓመት የሚቀመጥበት በመሆኑ ጣሪያው ራሱ ያን ያህል የሚቆይ መሆኑም ይፈተሽ። እዚህ ላይ ስለ ዋት አንድ ነገር ማከል ተገቢ ነው፤ በፓኔል ላይ የሚጻፈው መጠን የተለካው በቤተ ሙከራ፣ ብርሃኑ በካሬ ሜትር 1000 ዋት፣ የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ሴሉ በጋለ ጣሪያ ላይ 60 ዲግሪ ሲደርስ 400 ዋት የተባለው ፓኔል 350 አካባቢ ቢሰጥ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ይህን ቀድሞ ያልሰማ ጎረቤት ግን ኮሚቴውን መጠርጠሩ አይቀርም።

መብራት ሲጠፋ የፀሐዩ ይሠራል ብሎ ማሰብ በብዙ ቤቶች ቅሬታ ይፈጥራል። ከዋናው መስመር ጋር ብቻ የሚሠራና ባትሪ የሌለው ኢንቨርተር፣ በመስመሩ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ሲባል፣ ኃይል በተቋረጠ ቅጽበት ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። መብራት መጥፋት ያስመረራቸው ጎረቤታሞች ይህን ዓይነት ከገዙ የፈለጉትን አላገኙም።

የገንዘቡ ጉዳይ በመተማመን የሚታለፍ አይደለም። የሁሉንም መዋጮ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ሰውየው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ለእርሱም ለሌሎችም ደግ አይደለም። የሚሻለው ዋጋና ቅድመ ሁኔታው በጋራ ተደራድሮ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከሻጩ ጋር የራሱን ውል እንዲፈርም ነው፤ ያኔ አንዱ መክፈል ቢያቅተው ዕዳው ወደ ሌላው አይተላለፍም። ክፍያው በቅድመ ክፍያ፣ ዕቃው ቦታው ሲደርስና ተተክሎ ሲሞከር ተከፋፍሎ ይፈጸም፤ የመጨረሻው ክፍልም ሻጩን ተመልሶ እንዲመጣ የሚያስገድደው ያህል ይሁን። ከመሃል የሚወጡ ሰዎች አይጠፉምና፣ ስንት ቤት ሲቀር ዋጋው እንደሚለወጥና የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

«የ25 ዓመት ዋስትና» የሚለውን ሐረግ ሰምቶ መርካትም ያሳስታል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በዘመኑ መጨረሻ የፓኔሉ ምርት ከመነሻው 80 በመቶ ያህል በታች እንደማይወርድ የሚናገር የምርት ዋስትና ነው፤ የዕቃው የአሠራር ጉድለት ዋስትና የተለየ ሲሆን ብዙ ጊዜም ያንሳል፤ የኢንቨርተሩና የባትሪው ደግሞ ከሁለቱም ያጥራል። ዋስትናውን የሚሰጠው አምራቹ ነው ወይስ ሻጩ፣ የተበላሸውን አውርዶ የሚያጓጉዘውና መልሶ የሚሰቅለው በማን ወጪ ነው፣ የሚሉት ጥያቄዎች በውሉ መመለስ አለባቸው።

ዕቃው ሲመጣ ያለ ምርመራ ወደ ጣሪያ እንዲወጣ መፍቀድ ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ከተሰቀለ በኋላ ጀርባውን ማየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ፓኔሉ መሬት ላይ እንዳለ ተገልብጦ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ዋቱና ተከታታይ ቁጥሩ ከውሉ ጋር ይመሳከር፤ መለያው ፎቶ ተነሥቶ በየቤቱ ማኅደር ይቀመጥ። ኮሚቴውም አምፖሎቹ በበሩ ማግስት አይበተን። ኢንቨርተር ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፤ በአንድ ሳምንት የተተከሉት የሃያው ቤት ኢንቨርተሮችም በተቀራረበ ጊዜ ስለሚያረጁ፣ ያ ማኅደር በእጁ ያለ ቡድን ሁለተኛውን ግዢ ያለ ብዙ ልፋት በጅምላ ዋጋ መደራደር ይችላል።