ሰልባጅ ስትገዙ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ

ድሬ ላይ ሰልባጅ ስንመርጥ ቆንጆ ሸሚዝ ወይ ቀሚስ እናገኝና «ሰፋኝ» ብለን እንመልሰዋለን። አትመልሱት! ትከሻው ልክ ከሆነ ግዙት፣ ጎኑን ልብስ ሰፊ ያጠብላችኋል። ሰፊ ልብስ ብዙ ሰው ስለማይፈልገው ዋጋ ለመከራከርም ይመቻል።

ከዚያ እቤት እጠቡትና ሐረር የምትሄዱበት ቀን ይዛችሁት ውጡ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ ከተነሳችሁ በጊዜ ትገባላችሁ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ፤ ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ልብሱን ገልብጣችሁ ልበሱት፣ ሰፊው ግራና ቀኙን በመርፌ ይያዝላችሁ፣ ዋጋውንና የሚደርስበትን ሰዓት ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እስኪያልቅ ጀጎልን ዞር ዞር በሉ።

ትከሻ ትከሻ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎን ማጥበብ ቀጥ ያለ ስፌት ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ትከሻ ግን እጅጌውን ፈትቶ፣ ቆርጦ፣ እንደገና መግጠም ይጠይቃል። ለሱ የምትከፍሉት ልብሱን ከገዛችሁበት ሊበልጥ ይችላል፣ አንዳንዴም ብብቱ ስር ተሸብሽቦ ይቀራል።

የጠበበ ልብስ ከሆነ ደግሞ ገልብጡና ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ መኖሩን እዩ። ጣት የሚያህል ትርፍ ካለው ይለቀቃል፣ ከሌለው ተዉት።

ገበር ያለው ኮት፣ ቆዳና ሹራብ ላይ ግን ይሄን አትሞክሩ። ኮቱ ሥራው ብዙ ነው፣ ቆዳው የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ አይደብቅም፣ ሹራቡ ደግሞ ሲቆረጥ ይተረተራል። አዲስ የጥጥ ልብስም ሳይታጠብ አታጥብቡት፣ ሲታጠብ ሊያጥርና ሊጠብ ይችላል።