ፎቶ የሚያስሰይም ጌም ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምፒውተር ፎቶ አይቶ ምንነቱን መናገር በማይችልበት ጊዜ የምስል ፍለጋ የሚሠራው በፋይሉ ስምና በዙሪያው ባለው ጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲዎቹ ሉዊስ ቮን አን እና ላውራ ዳቢሽ ለዚህ ችግር መላ ዘየዱ። ሥራውን ጌም አደረጉት፤ ስሙንም ኢኤስፒ ጌም አሉት። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ይጣመራሉ። ለሁለቱም አንድ ፎቶ ይመጣል። ማውራት አይችሉም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ከጻፉ ነጥብ ያገኛሉ፣ ቃሉም የፎቶው መለያ ይሆናል። በአራት ወር ውስጥ 13,630 ሰዎች ተጫውተው ለ293,760 ፎቶዎች 1,271,451 መለያ ሰጡ። የተከፈለው ሰው የለም።

እንዲህ ያለ ጌም በአማርኛ ቢሠራ በጣም ደስ ይለኛል። ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን እነዚህን ተጠንቀቁ።

«ፎቶውን ግለጹ» ብሎ ማዘዝ

ኢኤስፒ ጌም ለተጫዋቹ የሚለው «ጓደኛህ የሚያስበውን አስብ» ነው። ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ፎቶው ብቻ ስለሆነ፣ መስማማት የሚችሉት እሱን አይተው ነው። «ግለጹ» ካላችሁት ግን ጌሙ ቀርቶ የቤት ሥራ ሆነ። አንዱ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ሌላው አንድ ቃል ጽፎ ይወጣል። ሰው የሚመጣው ለመጫወት ነው። «ፍለጋን ለማሻሻል ይተባበሩን» የሚለው ልመና አንድ ቀን ያስመጣው ይሆናል፣ በማግስቱ አይመልሰውም።

ቀላል ቃል ሁሌም እንዲያሸንፍ መፍቀድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጥቡ እኩል ከሆነ ሁሉም ሰው «ሰው»፣ «ሰማይ»፣ «ቀይ» ይላል። ቶሎ ያስማማላ! ለፍለጋ ግን «ሰው» ምን ይጠቅማል? ኢኤስፒ ጌም ለዚህ የተከለከሉ ቃላት ነበሩት። አስቀድሞ ስምምነት የተደረሰበት ቃል ከፎቶው ጋር ይታያል፣ ተጫዋቹም እሱን መድገም አይችልም።

እሱም ብቻውን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ፎቶውን ጭራሽ የማያይ ፕሮግራም አጫወቱ። የሚያየው የተከለከሉትን ቃላት ብቻ ነው። «ሰማይ» ከተከለከለ «ደመና» ብሎ እንደመገመት ማለት ነው። ይሄ ዓይን የሌለው ተጫዋች 69 በመቶ በሚሆኑት ፎቶዎች ላይ ከሰው ጋር ተስማማ! ብዙዎቹ መለያዎች ፎቶውን ሳያዩም የሚገመቱ ነበሩ ማለት ነው።

ጎግል ጌሙን በፈቃድ ወስዶ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 ጎግል ኢሜጅ ሌብለር በሚል ስም ሲያጫውት፣ በኋላ ላይ ነጥቡን እንደ ቃሉ ዝርዝርነት ለያየው። በሰጠው ምሳሌ «ሰማይ» 50 ነጥብ፣ «ወፍ» 60፣ የወፉ ዝርያ ስም ግን 150 ያስገኝ ነበር። እናንተም ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ አድርጉት። «ወጥ» ላለና «ምስር ወጥ» ላለ እኩል አትስጡ።

ሰውን ማመን

ነጥብ ባለበት ማጭበርበር አለ። ሁለት ጓደኛሞች ተደዋውለው ለሁሉም ፎቶ «ሀ» እንጻፍ ቢባባሉስ? ስለዚህ ጥምረቱ በዕጣ ይሁን፣ አይፒ አድራሻቸው (የኢንተርኔት ግንኙነታቸው ቁጥር) አንድ የሆኑትን አታጣምሩ፣ መለያቸው አስቀድሞ የታወቀ የመፈተኛ ፎቶም ጣል አድርጉ። አንድ ጥንድ ስለተስማማ ብቻም ቃሉን አትቀበሉ፤ ሌሎች ጥንዶችም ይድገሙት። ጎግል ላይ ከፎቶው ጋር ምንም የማይገናኝ እንደ «ካርሲኖማ» ያለ የካንሰር ስም እየጻፉ የሚስማሙ ተጫዋቾች ነበሩ።

የአማርኛን ፊደል መርሳት

አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒውተሩ አልተስማሙም ይላል። ተጫዋቾቹ ግን ልክ ናቸው፤ ተናደው ይወጣሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ስታነጻጽሩ እንደ አንድ ቁጠሩ። ስታስቀምጡ ግን ሰዎቹ የጻፉትን እንዳለ ያዙ። «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ቤቶች» የሚለውም እንዲሁ መገናኘት አለበት። ሰዓቱንም አስቡበት። ኢኤስፒ ጌም ለ15 ፎቶ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይሰጥ ነበር። በስልክ አማርኛ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ለአንድ ፊደል ሁለቴ መንካት ስለሚያስፈልግ ያ ያጣድፋል።

ሌሊት የሚጫወት ሰው መርሳት

ተጣማሪ ካጣ አታስጠብቁት። ሌላ ሰው ቀደም ሲል የተጫወተውን ቀድታችሁ አጋጥሙት። ኢኤስፒ ጌምም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

ማሽን የሚያውቀውን ማስጠየቅ

ዛሬ ውሻና መኪና ለመለየት ሰው ማስቸገር ተገቢ አይደለም። ፎቶ ስትመርጡ አስቀድማችሁ ፎቶ በሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም አሳልፏቸውና የተሳሳተባቸውን ለዩ። ረከቦቱን ተራ ጠረጴዛ ካለው፣ መሶቡን ቅርጫት ካለው፣ ጌሙ ውስጥ መግባት ያለባቸው እነዚያ ናቸው። የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ ደግሞ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አታስገቡ።