ደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ አሮጌ ኤፍ.ኤስ.አር (የአይሱዙ ጭነት መኪና)

ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ከድሬዳዋ ወጥቶ ደንገጎን ሲጀምር ግን ይንገጫገጫል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይጠፋል። አድሮ ጠዋትም ቶሎ አይነሳም።

የናፍጣ ፊልትሮ ሁለቴ ቀየርን። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጄክተሮች አስፈተሽን፣ ፖምፓውንም አስወርደን አስለካን፤ ሁሉም ጤነኛ። አራት ቀን ሄደ።

ከዚያ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባሁ። ሞተሩ ሲነሳ አረፋ! አየር ይገባል ማለት ነው። ሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንከሩን) ከነመስመሩ ትቼ በአዲስ የጎማ ቱቦ ከጄሪካን ሳስመጥጠው አረፋው ጠፋ። ጥፋቱ ሻንሲው ላይ የሚያልፈው የናፍጣ ጎማ ነበር፦ በሙቀት ደርቆ ፋሼታው (ማሰሪያው) ሥር በቀጭኑ ተሰንጥቋል። ከውጭ ጠብታ እንኳ የለውም። ይህን ልብ በሉ፤ በመምጠጫው በኩል ያለ ስንጥቅ አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ ላያፈስ ይችላል።

ጎማውንና የመጋጠሚያዎቹን የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበቶች) ቀየርኩ። የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ቡሎን አላልቼ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ ፖምፓው ገፋሁ። በማግስቱ ጭነት ይዞ ሳይቆም ሐረር ገባ።