የጥንት ጦርነትን ታሪክ እንዴት መርምሮ መጻፍ ይቻላል? መቄዶንያ ኢሊርያውያንን የመለሰችበት ዘመቻ

ስለ ጥንት ጦርነት የሚጽፍ ወይም የሚያስተምር ሰው በአብዛኛው ቀጥታ ወደ ፍልሚያው ሜዳ ይሮጣል። ሰልፉና የወደቀው ሰው ብዛት ልብ ስለሚስቡ ይህ አያስገርምም፤ ድሉ የተገኘበት ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከውጊያው በፊት ባሉት ወራት ውስጥ ነው። ይህ መመሪያ የምርመራውን መንገድ የሚያሳየው በአንድ ምሳሌ ነው፤ እርሱም የባልካኗ መቄዶንያ በ358 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የምዕራብ ጎረቤቶቿን ኢሊርያውያንን ከግዛቷ ያስወጣችበት ዘመቻ ነው። የዘመቻው መሪ ዳግማዊ ፊልጶስ ነበር። የእርሱ ልጅ ታላቁ እስክንድር በግእዝ ድርሳናት ሳይቀር ስሙ የገነነ በመሆኑ፣ አባቱ በእኛ አንባቢ ዘንድ በልጁ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ቀርቷል።

በቅድሚያ የዘመኑን ቅደም ተከተል ያስተካክሉ። ከልደት በፊት ያሉ ዓመታት ወደ ታች ስለሚቆጠሩ 359 ከ358 ይቀድማል፤ ማስታወሻ ሲይዝ ይህን ያላስተዋለ ሰው ውጤቱን ከመንስኤው በፊት አስቀምጦት ያርፋል። በ359 የፊልጶስ ወንድም ንጉሥ ሦስተኛው ፔርዲካስ ከኢሊርያውያን ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ እርሱም ከ4,000 ከሚበልጡ ወታደሮቹ ጋር እዚያው ወደቀ። መንግሥቱን የተረከበው ፊልጶስ ገና የሃያዎቹን ዕድሜ አጋማሽ ያልተሻገረ ወጣት ነበር።

ቀጥሎ ካርታ ዘርግተው ይመልከቱ። መቄዶንያ ሁለት ገጽታ ነበራት። በባሕሩ አቅራቢያ ሃልያክሞንና አክስዮስ የተባሉት ወንዞች የሚያጠጡት ለም ሜዳ ሲኖር፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ እንደ ሊንኬስቲስ ያሉ ደጋማ አውራጃዎች ነበሩ። የኢሊርያውያኑ ንጉሥ ባርዱሊስ ከእነዚህ ደጋማ አውራጃዎች ከተሞችን ይዞ ስለነበር፣ ጠላት ቀድሞውንም በሩን አልፎ ገብቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሥራ የጠላቶችን ዝርዝር ማውጣት ነው፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከኢሊርያውያን በተጨማሪ ፓዮንያውያን ከሰሜን እየወረዱ ይዘርፉ ነበር፤ የትራክያ ንጉሥ ጳውሳንያስ የተባለውን የዙፋን ተቀናቃኝ ይደግፍ ነበር፤ አቴናም አርጌዎስ የተባለውን ሌላ ተቀናቃኝ ለማንገሥ 3,000 እግረኛ ጦር በመርከብ ላከች። ይህን ዝርዝር በወረቀት ላይ ካሰፈሩ በኋላ ፊልጶስ እያንዳንዱን በምን ተራ እንዳስተናገደው ከጎኑ ይጻፉ። ፓዮንያውያንን በስጦታና በተስፋ ቃል አባበላቸው፤ የትራክያውን ንጉሥም እንዲሁ በስጦታ አግባብቶ ጳውሳንያስን ደጋፊ አሳጣው። አቴና አጥብቃ ከምትመኛት ከአምፊጶሊስ ከተማ ወታደሮቹን በማስወጣት የአቴናን ቁጣ አበረደ፤ አርጌዎስ ወደ ጥንታዊቱ መናገሻ ወደ አይጋይ ሄዶ የሚቀበለው ሰው አጥቶ ሲመለስ ግን መንገድ ላይ ጠብቆ መታው። ከዚያም ከአቴና ጋር ሰላም ፈጠረ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ይሁንና በአንድ ጊዜ ከአራት ጠላት ጋር መግጠም የማይችል መንግሥት ሦስቱን በወርቅ፣ በዘዴና በአንዲት ደፈጣ ከመንገዱ ካላራቀ በቀር ለአራተኛው ሊደርስ አይችልም ነበር። የፓዮንያው ንጉሥ አጊስ በሞተ ጊዜም ፊልጶስ አጋጣሚውን ሳያሳልፍ ዘምቶ ፓዮንያውያንን አስገበረ፤ ወደ ምዕራብ የዞረው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ መንገድ የተገኘው ጊዜ ምን ላይ እንደዋለ መመርመር ደግሞ ወደ ሠራዊቱ ይወስደናል። ፊልጶስ በልጅነቱ በቴብስ ከተማ በመያዣነት ኖሯል፤ ቴብስ በዚያን ዘመን በኤፓሚኖንዳስ አመራር የግሪክን የጦር ስልት የለወጠች ከተማ ነበረች። ወደ አገሩ ከተመለሰና ሥልጣን ከያዘ በኋላ የተሰበረውን እግረኛ ጦር ሰብስቦ በተደጋጋሚ ልምምድ አነጸው። ወታደሮቹ የራስ ቁራቸውን፣ ጋሻቸውን፣ የቅልጥም መከላከያቸውን፣ ረጅሙን ጦርና ስንቃቸውን ተሸክመው 300 ስታድዮን፣ ማለትም ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እንዲጓዙ ያደርግ እንደነበር ተጽፏል። ጓዝ የሚጭን ጋሪ ከለከለ፤ ለ10 እግረኛ ከአንድ አገልጋይ በላይ አልፈቀደም፤ ወደ ዘመቻ ሲወጡም የ30 ቀን ዱቄት በትከሻቸው እንዲሸከሙ አዘዘ። ጋሪ የማይጎትት ሠራዊት በተራራማ አገር ምን ያህል እንደሚፈጥን ካሰቡ፣ የስንቁ ትእዛዝ ከመሣሪያው የማያንስ ዋጋ እንደነበረው ይገባዎታል። ሳሪሳ የሚባለው እስከ 5 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጦር የዚህ ሠራዊት መለያ ሆኗል፤ ነገር ግን ስለ 358ቱ ውጊያ የሚተርኩት ምንጮች መሣሪያውን በስም ስለማይጠቅሱ፣ ድሉን በሙሉ ለሳሪሳ ከመስጠት ይቆጠቡ።

አሁን ወደ ውጊያው መግባት ይቻላል። ባርዱሊስ አስቀድሞ ሁለቱም ወገን የያዘውን ይዞ እንዲታረቁ መልእክተኛ ላከ፤ ፊልጶስም ኢሊርያውያን ከመቄዶንያ ከተሞች ሁሉ ካልወጡ ሰላም የለም ብሎ መለሰ። ፊልጶስ 10,000 እግረኛና 600 ፈረሰኛ ነበረው፤ ባርዱሊስ ደግሞ 10,000 እግረኛና 500 ፈረሰኛ አሰለፈ። ፊልጶስ ምርጥ ወታደሮቹን ይዞ በቀኝ ክንፍ ቆመ። ጠላት የተመረጡ ሰዎቹን ፊት ለፊት አጭቆ ጎኑን እንዳሳሳው ስላስተዋለ፣ የጥቃቱን ክብደት በጠላት ግራ ክንፍ ላይ አሳረፈ፤ ፈረሰኞቹም ከጎንና ከኋላ እንዲመቱ አዘዘ። ኢሊርያውያን በአራት ማዕዘን ተሰልፈው ስለተከላከሉ ውጊያው ለረጅም ጊዜ ወደ የትኛውም ወገን ሳያጋድል ቆየ። በመጨረሻ ፈረሰኞቹ ከጎንና ከኋላ ሲያይሉባቸው ሰልፉ ተፈታ፤ ሸሽተውም ብዙ ርቀት ተሳደዱ።

የሟቾቹን ቁጥር ሲጽፉ ከ7,000 በላይ ኢሊርያውያን ወደቁ የሚለው የግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ የዲዮዶሮስ ቃል መሆኑን ይግለጹ። ዲዮዶሮስ የጻፈው ከድርጊቱ 300 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ስለ ክንፉ ጥቃት የጻፈው ሮማዊው ፍሮንቲኑስ ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። ጠላትን የሚንቀውን የምንጮቹን ቋንቋም እንዳለ አይውሰዱ። ሮማዊው ሲሴሮ ባርዱሊስን ወንበዴ ብሎ ቢጠራውም፣ በዚያው ቦታ ምርኮን በትክክል በማካፈሉ ብዙ ሀብት እንዳፈራ ይመሰክርለታል። የመቄዶንያን ንጉሥ በሜዳ ላይ የገደለና እኩል የሚሆን ሠራዊት ያሰለፈ ሰው ተራ ዘራፊ አልነበረም።

ውጤቱን ሲያሰፍሩ ደግሞ «ደመሰሰ» ከሚለው ቃል ይልቅ «መለሰ» የሚለውን ይምረጡ። ኢሊርያውያን ከተሞቹን ለቀው ሰላም አደረጉ፤ ፊልጶስም ዛሬ ኦህሪድ እስከሚባለው ሐይቅ ድረስ ያለውን ምድር ያዘ፤ አውዳታ የተባለች ኢሊርያዊትም ከሚስቶቹ አንዷ ነበረች። ሆኖም በ356 የጦር አዛዡ ፓርሜንዮን ከኢሊርያውያን ጋር እንደገና መዋጋት ነበረበት፤ በ335ም የባርዱሊስ ልጅ ክሌይቶስ ፔልዮን በተባለችው ምሽግ ላይ ከፊልጶስ ልጅ ከእስክንድር ጋር ስለገጠመ፣ የዚህ ጦርነት ታሪክ የሚዘጋው በ358 ሳይሆን እዚያ ነው።